ኦቦ በዳዳ ብሎኑን ሲጠይቁት

የኦቦ በዳዳን ማረፍ በስልክ የነገረችኝ ልጃቸው ጫልቱ ናት። «እትዬ ሙሉ፣ አባባ ዛሬ ጠዋት አረፉ» አለችኝ። «ትናንት እኮ የንስሐ አባታቸው ሊጸልዩላቸው መጥተው ነበር» ብላ ቀጠለች። «የተቀመጡበት ወንበር ሲንቋቋ አባባ ሰሙት። አባ፣ እስቲ አንዴ ይነሡልኝ አሏቸው። ጸሎቱ ቆመና ወንበሩ ተገለበጠ። አልጋቸው ላይ እንደተኙ የላላውን ብሎን በጣታቸው አሳይተው እስኪጠብቅ ድረስ ጠበቁ። ከዚያ በኋላ ነው አሜን ያሉት።»

ይህን ስትነግረኝ ሳቋ አመለጣት። እኔም ሳቅሁ። ስልኩን የዘጋነው ግን ሁለታችንም እያለቀስን ነው። ቡራዩ፣ ቀብራቸው ላይ የተሰበሰበው ሰውም እንዲሁ ነበር። አንዱ ስለ እሳቸው ማውራት ይጀምራል፤ ዙሪያውን የቆመው አፉን በነጠላው ይሸፍናል፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል።

ከኦቦ በዳዳ ጋር የተዋወቅነው ሰበታ በነበረ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ነው። አብዮቱ ከመምጣቱ ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። እኔ ራጅ አንሺ ነበርኩ፤ እሳቸው የጥገና ክፍል ኃላፊ። ኃላፊ ይባሉ እንጂ ከሥራቸው አንድም ሰው አልነበረም። ክፍሉም ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ያለች የቆርቆሮ ቤት ናት፤ አንድ አሮጌ የብረት መቅረጫ ቶርኖ፣ ብረት የሚታሰርበት አንድ ሞርሳ፣ ግድግዳው ላይ ከትንሹ እስከ ትልቁ የተሰለፉ ሞረዶች። ብረት መቅረጽ የተማሩት በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ከአንድ ጣሊያን መካኒክ ዘንድ ነው። አጠር ያሉ፣ ደንደን ያሉ፣ የመነጽራቸውን አንድ ጆሮ በሽቦ ያሰሩ ሰው ነበሩ። ሰማያዊ ቱታቸው ናፍጣ ይሸታል፤ እጃቸው ግን ሁልጊዜ ንጹሕ ነው።

አንድ ነገር ተበላሸ ብለው ሲጠሯቸው አይቸኩሉም። ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ይጠጉትና፣ «እኔ ምን አውቃለሁ፤ እስቲ እንጠይቀው» ይላሉ። ጄኔሬተሩን ይጠይቁታል። የውሃ ቧንቧውን ይጠይቁታል። አንድ ጊዜ የራጅ ማሽኔ ቀጥ ብሎ ቆመና ከውጭ አገር ባለሙያ ካልመጣ አይሆንም ተባለ። ኦቦ በዳዳ ምሳ ሰዓት ላይ መጥተው ከማሽኑ ጎን መሬት ላይ ተቀመጡ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ተነሥተው ጉልበታቸውን አራገፉና፣ «መለሰልኝ» አሉ። አይጥ የበላው ሽቦ ነበር።

የቀዶ ጥገና ሐኪማችን ከሰሜን አውሮፓ የመጣ፣ ዶክተር ኦላፍ የሚባል፣ በእድሜ የእኔ እኩያ የሆነ ሰው ነበር። «አንቱ አትበሉኝ፣ ያስረጀኛል» ስለሚል ሁላችንም አንተ እንለዋለን። አማርኛውን የተማረው ከኦቦ በዳዳ በመሆኑ ግማሹ ኦሮምኛ ነው፤ በሽተኛው ከየትም ይምጣ፣ ጠዋት ሲገባ «አካም ቡልቴ» እያለ ነው በየአልጋው የሚዞረው። እጁ ወርቅ ነበር። ጥፋቱ አንድ ብቻ ነው፤ የተሳሳተ አይመስለውም።

የእሱ ትልቁ ሥራ የዳሌ ስብራት ነበር። ዳሌ ተሰበረ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው ከዳሌ ጋር የሚጋጠመው የጭን አጥንት አንገት ነው። ቀድሞ አንዲት አሮጊት እዚያ ላይ ከተሰበረች እግሯ በገመድ ተወጥሮ ለወራት ትተኛለች፤ ብዙዎቹ ከዚያ አልጋ አይነሡም። ዶክተር ኦላፍ ግን ሦስት ረጃጅም ብሎኖች በአጥንቱ አንገት ውስጥ አስገብቶ ሁለቱን ስባሪ አንድ ላይ ያጠብቃቸዋል። አጥንቱ ራሱ እስኪገጥም አራት ወር ገደማ ብሎኑ ሰውየውን ይሸከመዋል ማለት ነው።

እማማ ተዋበች ሰበታ ገበያ አጠገብ ቅመም የሚሸጡ ባልቴት ናቸው። በኅዳር መጨረሻ እርጥብ ደጃፋቸው ላይ አዳልጧቸው ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። ያኔ ከውጭ አንድ ሣጥን አዲስ ብሎን መጥቶልን ነበር። በአዲሱ መሥራት የጀመርነው ከእሳቸው ነው። ኦፕራሲዮኑ አማረ፤ ሴትዮዋ እየመረቁን ወደ ቤታቸው ሄዱ። በሦስተኛው ወር በቃሬዛ ተመለሱ። ራጁን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ፊልሙን ወደ መብራቱ ስይዘው ከሦስቱ ብሎኖች ሁለቱ መሐል ለመሐል ተቆርጠዋል።

ዶክተር ኦላፍ ፊልሙን አይቶ ፊቱ ቀላ። አልጋቸው አጠገብ ቆሞ፣ «ሸክም ተሸክመዋል» አላቸው።

«ኧረ ልጄ፣ ምን ሸክም? ከአልጋዬ እስከ ደጄ፣ ከደጄ እስከ አልጋዬ ነው። እሱንም ባዶ እጄን!»

«ብረት በባዶ እጅ አይሰበርም» አለና ካርዳቸው ላይ ጻፈበት፤ «የሐኪም ትእዛዝ ያላከበሩ» ብሎ። ካርዱን መዝገብ ቤት ያደረስኩት እኔ ነበርኩ፤ ሲከብደኝ ትዝ ይለኛል። ስብርባሪው ብሎን ወጥቶላቸው እንደገና እግራቸው በገመድ ተወጥሮ ተኙ። ሕመሙን ችለውት ነበር። ያልቻሉት ሌላውን ነው። «በስተርጅና ውሸታም ተባልኩ» እያሉ ለመጣው ጠያቂ ሁሉ ይነግራሉ።

ኦቦ በዳዳ ይህን የሰሙት ገመዱ የሚያልፍበትን መዘውር ሊያስተካክሉ አልጋቸው ድረስ ሄደው ነው። ከዚያ ቀጥ ብለው ኦፕራሲዮን ክፍል ሄዱና ከተሰበሩት ብሎኖች አንዱን ለምነው ወሰዱ። ከሰዓት በኋላ ወደ እኔ ክፍል መጡ፤ ፊልም የማይበት መብራት ስላለኝ ነው።

«ሙሉዬ፣ ነይ እስቲ እዪልኝ» ብለው አጉሊ መነጽር ሰጡኝ። የተሰበረው ገጽ ከአንድ ወገን ለስላሳ ነው፤ እንደ ዛጎል ስስ ስስ መስመር አለው። በሌላው ወገን ጫፉ ላይ ብቻ እንደ ተፈረከሰ ስኳር ሸካራ ነው።

«ምን ማለት ነው?» አልኳቸው።

«የጭነት መኪና አክስል ሲሰበር እንዲህ ነው። ሸክም የሰበረው ብረት በአንዴ ነው የሚሄደው፤ ገጹ በሙሉ ሸካራ ይሆናል። ይሄኛው ግን ትንሽ ትንሽ እያለ ነው የተቆረጠው። በእያንዳንዷ እርምጃ ፀጉር ታክል፣ ፀጉር ታክል። መጨረሻ ላይ ቀጭኗ ስትቀር ነው ጧ ያለው።» አጉሊውን ከእጄ ተቀበሉኝ። «ሴትዮዋ አልዋሹም።»

ይህንኑ ለዶክተሩ ሲነግሩት እኔም ነበርኩ። ዶክተሩ እጁን እየታጠበ ነበር፤ ዞር እንኳ አላለም። «ኦቦ በዳዳ፣ እርስዎ አልጋ ይጠግናሉ፤ እኔ ሰው እጠግናለሁ። ብሎኑን የሠራው ትልቅ ፋብሪካ ነው።»

እኔ በእሳቸው ፈንታ ደነገጥኩ። ኦቦ በዳዳ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልክ ነህ ዶክተር፤ እኔ ምን አውቃለሁ? ግን አንተም አታውቅም። እንጠይቀው።»

«ማንን?»

«ብሎኑን ነዋ!»

ዶክተሩ ምናልባት እዚያው ላይ እምቢ ይል ነበር። ነገር ግን በዚያው ሳምንት አደ ሎሚ የሚባሉ ሴት ከሱሉልታ መጡ። ስድሳ ዓመት አልፏቸው ድርቆሽ ክምር ላይ ወጥተው ሲከምሩ ወድቀው ነው ዳሌያቸው የተሰበረው። የሳጥኑ አዲስ ብሎን ገና አላለቀም፤ ለዓመታት ስንሠራበት የነበረው፣ ሌላ ፋብሪካ የሠራው የድሮው ብሎን ደግሞ አራት ብቻ ቀርቷል። ዶክተር ኦላፍ አደ ሎሚን አየ፤ ሳጥኑን አየ፤ እንደገና አደ ሎሚን አየ። «ሦስት ሳምንት» አለ። «ከሦስት ሳምንት በላይ በገመድ አላቆያቸውም።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሆስፒታሉ ሰላም አጣ።

ኦቦ በዳዳ መጀመሪያ ብሎኖቹ ገብተው የሚፈተኑበት አጥንት ያስፈልጋል አሉ። ቡራዩ የሚያውቁት ሥጋ ሻጭ ዘንድ ሄደው የበሬ ጭን አጥንት በጆንያ ሙሉ ይዘው መጡ። ችግሩ ቀኑ የዐቢይ ጾም የመጀመሪያው ሰኞ መሆኑ ነው። የቅበላ አጥንት ነበር። ዘበኛው ጆንያውን ከፍቶ አየና ወደ ኋላ ሸሸ።

«ኦቦ በዳዳ! ዛሬ? በጾም?»

«ማን ሊበላው ነው? ልሰብረው ነው እንጂ።»

ዘበኛው ይህ ይበልጥ አስፈራው። እስከ ማታ ድረስ ኦቦ በዳዳ ከቶርኖው ጋር ሲኖሩ ሰይጣን ተጠናወታቸው የሚል ወሬ በግቢው ውስጥ ዞረ።

የበሬው አጥንት ግን አልሆነም። ዶክተር ኦላፍ ብሎኑን ሊያስገባበት ሞክሮ እጁ ላበው። «ይህ የወጣት በሬ ነው። የአሮጊት አጥንት እንደዚህ አይደለም። ውስጡ ሳስቷል፤ ባዶ ባዶ ነው» አለ። ኦቦ በዳዳ ይህን ሲሰሙ ወጡ። በማግስቱ ከእንጨት የተቆራረጡ ነገሮች በክንዳቸው ታቅፈው መጡ፤ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ባሕር ዛፍ፣ ኮርች። ዶክተሩ በየተራ ብሎን እያስገባ ሞከራቸው። ኮርቹ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ዓይኑን ጨፈነ፤ ትንሽ አዞረ፤ እንደገና አዞረ።

«ይህ እማማ ተዋበች ናቸው» አለ።

ከእንጨት ቀጥሎ ክብደት ነው። አንድ ሰው በአንድ እግሩ ሲቆም ዳሌው የሚሸከመው ከሰውየው ክብደት በላይ መሆኑን ዶክተሩ በወረቀት ላይ ሥሎ አስረዳቸው፤ ጡንቻውም አብሮ ስለሚጫነው ነው። ኦቦ በዳዳ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወደ አደ ሎሚ አልጋ ሄዱ።

«አደ ሎሚ፣ ስንት ኪሎ ይመዝናሉ?»

«ልትሸጠኝ ነው?»

«ኧረ በፍጹም! ብሎን ላሠራልዎ ነው።»

«እንግዲያው ሁለት ኩንታል በል» አሉ አደ ሎሚ። «ብሎኑ ወፈር ይበል።»

ከዚያ ደግሞ እርምጃ። አንዲት የሱሉልታ ሴት በቀን ስንት እርምጃ ትሄዳለች? ዶክተሩም አያውቅም፤ መጽሐፉም አይልም። ኦቦ በዳዳ እሑድ ሱሉልታ ወርደው የአደ ሎሚን ታናሽ እህት ከማለዳ እስከ ማታ ከኋላ ከኋላ ሲከተሉ ዋሉ። በእያንዳንዱ መቶ እርምጃ አንድ አተር ከቀኝ ኪሳቸው ወደ ግራ ኪሳቸው ያዛውራሉ። ቤተ ክርስቲያን አብረው ሄዱ፤ ወንዝ አብረው ወረዱ፤ ጎረቤት ለቅሶ አብረው ደረሱ። ሴትዮዋ ደግሞ ባላቸው የሞተባቸው፣ ደልደል ያሉ፣ መልከ መልካም ናቸው። ከሰዓት በኋላ ጎረምሳ ልጃቸው በትሩን ይዞ መንገድ ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ ሽማግሌ ይላካል እንጂ እንዲህ ሰው ኋላ ኋላ መከተል ነውር ነው!»

«ልጄ፣ ሚስት አለችኝ» አሉ ኦቦ በዳዳ። «ዝም በል፣ ቁጥሬን ታጠፋብኛለህ።»

ይህን ያወሩልን ራሳቸው ናቸው፤ ሲያወሩም ልጁን ሆነው፣ ሴትዮዋን ሆነው፣ አተሩንም ሆነው ነው። ሚስታቸው እትዬ ዘነበች ግን ለሁለት ቀን ያህል አኮረፏቸው።

ኦቦ በዳዳ የቀን እርምጃውን በአራት ወር አባዙት። የወጣው ቁጥር እጅ የሚችለው አልነበረም። ያን ያህል ጊዜ የሚጫንና የሚነሣ ነገር ያስፈልጋል፤ የማይደክም፣ የማይሰለች። እዚህ ላይ ነው ቡራዩ ወፍጮ ቤት ያላቸው የሚስታቸው ወንድም ኦቦ ፈይሳ የገቡበት። ኦቦ በዳዳ ከሞተሩ ችንጋ ሌላ መዘውር አስዞሩ። ከመዘውሩ ጎን አንድ ብረት አበቀሉ። መዘውሩ አንዴ በዞረ ቁጥር ያ ብረት አንድ ወፍራም እንጨት ያነሣና ይለቀዋል፤ እንጨቱም የእህል መመዘኛ ብረቶች ተሸክሞ ከሥሩ ባሉት ሁለት የኮርች አጥንቶች ላይ ያርፋል። በግራ ያለው ኮርች በድሮው ብሎን የተያያዘ ነው፤ በቀኝ ያለው በአዲሱ። ከተጣለ ሞተር ብስክሌት የፈቱት ቆጣሪ ዙሩን ይቆጥራል። አንድ ዙር፣ አንድ እርምጃ።

የድሮው ብሎን አራት ብቻ እንደነበር ነግሬያችኋለሁ። ለአንድ ሰው ሦስት ያስፈልጋል። ዶክተር ኦላፍ አንዱን ለዚህ ፈተና ሲሰጥ እጁ ላይ ይዞት ብዙ ቆየ። «ከቀሩት ሦስቱ አንዱ ቢጎዳብኝ ለአደ ሎሚ ምንም የለኝም» አለ። ከዚያ ሰጣቸው።

እኔ ያንን ነገር ለማየት የሄድኩት በሦስተኛው ቀን ነው፤ ከዶክተሩ ጋር በሆስፒታሉ መኪና። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ሴቶች ጤፋቸውንና ስንዴያቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ያ ሁሉ ሰው ግን የሚያየው እህሉን አይደለም። ኦቦ በዳዳ ዱቄት ነጭ አድርጓቸው ቆጣሪው አጠገብ ቆመዋል።

«አባባ፣ አሁን የት ደረሱ?» ትላለች አንዷ።

ኦቦ በዳዳ ጎንበስ ብለው ያያሉ። «አምስተኛ ሳምንታቸው ነው። ዛሬ ገበያ ውለው አሁን እየተመለሱ ነው።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም አብረው።»

«ታዲያ ትንሽ አረፍ አይሉም?»

«ማታ ወፍጮው ሲዘጋ ይተኛሉ።»

ሴቶቹ በነዚህ ሁለት መንገደኞች ተለክፈው ነበር። አንደኛዋ መንገደኛ እማማ ተዋበች፣ ሁለተኛዋ አደ ሎሚ መሆናቸውን ኦቦ በዳዳ ነግረዋቸዋል። እህላቸው ተፈጭቶ እንኳ የማይሄዱ ነበሩ። ኦቦ ፈይሳ በሩ ላይ ቆመው፣ «ያልመጣ ሰው የለም፤ በዳዳ ሥራዬን ቲያትር አደረገው» ይላሉ፤ ፊታቸው ግን በኩራት ያበራ ነበር።

ዶክተር ኦላፍ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይመለከት ጀመር። «በሦስት ቀን ምን ይሆናል...» ብሎ ገና ሳይጨርስ ጧ! የሚል ድምፅ ተሰማ። የቀኙ ወገን ተንበረከከ።

«ውይ! ወደቁ!» አለች አንዲት ሴት ደረቷን ይዛ።

«እኔን! እማማ ተዋበች ናቸው!» አለች ሌላዋ።

ኦቦ ፈይሳ ሞተሩን አጠፉት። ማንም አልሳቀም። ዶክተር ኦላፍ ጎንበስ ብሎ የተሰበረውን ብሎን በጣቱ አነሣ፤ ወደ በሩ ብርሃን ወጥቶ በአጉሊ አየው። ከዚያ ከኪሱ መሐረብ አወጣ። መሐረቡ ውስጥ ከእማማ ተዋበች ዳሌ የወጣው ስባሪ ነበር፤ ይዞት እንደመጣ ለማንም አልተናገረም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ያው ለስላሳ ገጽ፣ ያው ስስ መስመር፣ ጫፉ ላይ ያው ሸካራ።

አንድ የጤፍ ከረጢት ላይ ቁጭ አለ። ዱቄቱ ሱሪውን ነጭ አደረገው። «ያው ነው» አለ።

ኦቦ በዳዳ አላፌዙበትም። አጠገቡ ተቀምጠው አዲሱን ብሎን ሰጡትና፣ «ጥፍርህን እዚህ ጋ አስኪደው» አሉት፤ ጥርሱ አልቆ ልሙጡ ብረት የሚጀምርበት ቦታ ላይ። ዶክተሩ ጥፍሩን አስኬደው፤ ያዘው። እዚያ ላይ ቆራጩ ማሽን እንደ ስለት የተሳለ ጠርዝ ጥሎ አልፏል። በድሮው ብሎን ላይ ግን ያው ቦታ ክብና ለስላሳ ነው። «ብረቱ የሚቀደደው ከዚህ ይጀምራል» አሉት። «ፋብሪካው አላወቀም ይሆናል፤ ማንም አልጠየቀውማ።»

«ምን ላድርግልዎ ኦቦ በዳዳ?» አለ ዶክተሩ ቀስ ብሎ።

«ለኔ ምንም። ካርዱን ብቻ አስተካክለው።»

በዚያው ቀን ወደ ሰበታ ስንመለስ ዶክተሩ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ መዝገብ ቤት ገባና ካርዱን አወጣ። ያን ጊዜ የበሽተኞቹ ክፍል በጠያቂ ሞልቷል። በእማማ ተዋበች አልጋ ፊት ቆመ። «እማማ ተዋበች፣ ያሉት እውነት ነው። የዋሸው ብሎኑ ነው፤ የተሳሳትኩት ደግሞ እኔ። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለና የጻፈውን ፊታቸው ሰረዘው።

እማማ ተዋበች ካርዱን ተቀብለው፣ ማንበብ ባይችሉም፣ የተሰረዘውን መስመር ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ፣ «ድሮም ነግሬህ ነበር» አሉ። ከዚያ ደግሞ፣ «ጠጋ በል» ብለው ግንባሩን ሳሙት። ይቅር ማለታቸውን ግን ያለ ቅጣት አልተዉትም። ከቤታቸው ሚጥሚጣ አስመጥተው፣ «ይህን በእንቁላል ትበላታለህ» አሉት። ጾማችን መሆኑ እሱን አይመለከተውም። በማግስቱ ጠዋት ዓይኑ ቀልቶ፣ አፍንጫው እየፈሰሰ፣ ሲበዛ ደስ ብሎት ነበር ወደ ሥራ የገባው።

ኦቦ በዳዳ ፈተናውን አላቋረጡም። በቀኝ በኩል ሌላ አዲስ ብሎን አስገቡ፤ ያም በሁለተኛው ቀን ተቆረጠ። የግራው ግን ሄደ፣ ሄደ፣ አራቱን ወር ጨረሰ። ሴቶቹ እልል አሉ። ኦቦ በዳዳ፣ «ለጥንቃቄ» ብለው አንድ ቀን ሙሉ ጨመሩበት።

አደ ሎሚ ኦፕራሲዮን በሚሆኑበት ጠዋት ኦቦ በዳዳ የቀሩትን ሦስት ብሎኖች አንድ በአንድ በጥፍራቸው ዳሰሱ። ከዚያ ብሎኖቹ ተቀቅለው ገቡ፤ እሳቸው ከበሩ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ከዚያ አልተነሡም። ዶክተሩ ወጥቶ፣ «ሦስቱም ቀጥ ብለው ገብተዋል» ሲላቸው ተነሡና ወንበሩ ይንገዳገዳል ብለው ይዘውት ሄዱ።

አዲሱ ሣጥን ከነምክንያቱ ለፋብሪካው ተመለሰ። ዶክተሩ ስለ ወፍጮው፣ ስለ ኮርቹ፣ ስለ ሹሉ ጠርዝ በዝርዝር ጽፎ ነበር። ከወራት በኋላ ሌላ ሣጥን መጣ፤ ጥርሱ የሚያልቅበት ክብ፣ እንደ እንቁላል የለሰለሰ። አብሮት «ለኢንጂነር በዳዳ» የሚል የምስጋና ደብዳቤ ነበር። ደብዳቤውን ሳነብላቸው ግራና ቀኝ አዩ። «ይህን ሰውዬ ካገኛችሁት፣ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ይንጠባጠባል በሉት» አሉኝ። ግን ሲወጡ ደብዳቤውን ተቀብለውኝ፣ በሁለት ጣታቸው ጫፉን ይዘው፣ ቱታቸውን እንዳይነካ አርቀው ነው የሄዱት።

አደ ሎሚን ለመጨረሻ ጊዜ ራጅ ያነሣኋቸው በአምስተኛው ወር ነው። አጥንቱ ገጥሟል፤ ሦስቱም ብሎኖች እንደ ገቡ አሉ። ዶክተር ኦላፍ፣ «ይሂዱ፤ ግን ለመንገዱ ክራንች ይያዙ» አላቸው። ኦቦ በዳዳ ከቀላል እንጨት፣ ብብት የሚያርፍበት ቆዳ የተለበጠ፣ አንድ ጥንድ ክራንች ሠርተውላቸው ነበር። አደ ሎሚ ክራንቹን ተቀብለው አዩት፤ አመሰገኑ፤ መልሰው ሰጧቸው።

«ገለቶሚ በዳዳ። ቆንጆ ነው። አንተ ያዘው።»

«ኧረ አደ ሎሚ፣ መንገዱ ሩቅ ነው!»

«ብሎኑን አራት ወር ያስኬድከው ለመቼ ነው?»

አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ከበሩ ወጡ። ኦቦ በዳዳ ምናልባት ቢደክማቸው ብለው ክራንቹን ይዘው ከኋላ ተከተሉ። እኔና ዶክተሩም ሥራ ትተን እስከ አውቶቡስ መቆሚያው ሸኘናቸው። አደ ሎሚ ቀስ ብለው፣ ግን ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። ኦቦ በዳዳ በቁልቁለቱ ሲጣደፉ ጉልበታቸውን ስለያዛቸው አንዱን ክራንች ተመረኮዙ።

አውቶቡሱ ሞልቶ ነበር። አደ ሎሚ ቀድመው ገቡ። ኦቦ በዳዳ ክራንቹን በመስኮት ሊያቀብሏቸው ደረጃው ላይ አንድ እግራቸውን ሲያደርጉ ረዳቱ አያቸው። «ኧረ አባባን እርዷቸው! ሰው አይደላችሁም እንዴ? ቦታ ልቀቁላቸው!» ብሎ ጮኸ። ሁለት ጎረምሶች ከነክራንቻቸው በብብታቸው ይዘው ብድግ አደረጓቸው። «ኧረ እኔ አይደለሁም! እሳቸው ናቸው!» እያሉ ሲጮኹ ማን ይስማቸው። «አይዞዎት አባባ» እያሉ ወስደው መስኮት ዳር፣ ጥሩው ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። አውቶቡሱ ተነሣ። በመስኮቱ ክራንቻቸውን እንደታቀፉ፣ መነጽራቸው በአንድ ጆሯቸው ተንጠልጥሎ ሲያዩን ዶክተር ኦላፍ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ እስኪያለቅስ ሳቀ።

ኦቦ በዳዳ ከዚያ መውረድ ስላልቻሉ ሱሉልታ ድረስ ሄዱ፤ የተመለሱት በማግስቱ ነው። አደ ሎሚ ደግሞ አንድ ልጅ ወንበር ሊለቅላቸው ቢነሣ፣ «ተቀመጥ፣ እኔ ደህና ነኝ» ብለውት እስከ ሱሉልታ ቆመው ሄዱ።